የጥድ አምባው መስፍን ድምፅ ሆነው የኖሩት የእናታችን የእትዬ ቀለሙ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከአባታቸው ከባላምባራስ ቀለሙ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺዓለም በ1947 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ በስተግራ በምትገኘው በጥድ አምባ ተወለዱ።

ወጉ ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ ስማቸው መነበብ ነበረበት። ያልተነበበው ተረስቶ አይደለም። እናታችን ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ስማቸውን አስረክበዋል፤ ዛሬ ይህ ሁሉ ሰው ከቢቸናም ከሞጣም ተጠርቶ እዚህ ግቢ የቆመው ስማቸው እንዲመለስላቸው ነው። እስኪመለስ ድረስ ሀገር እንደለመደው «እትዬ» እንላቸዋለን። ቀበሌም ቢሆን በሌላ አያውቃቸውም፤ መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው «እትዬ ቀለሙ» ነው።

ስለ ጥድ አምባ ጥቂት ካልተነገረ የእናታችን ሕይወት አይገባም። የመሳፍንቱ ዘመን ሲወራ ትልልቆቹ ብቻ ይጠራሉ። በትልልቆቹ እግር ሥር ግን በቅሎ ሳይቀይሩ ዞረው የሚጨርሱት ሀገር የነበራቸው ትንንሽ መሳፍንት ነበሩ። የጥድ አምባው ቤት ከእነዚህ አንዱ ነበር። መስፍኑ የራሱ ነጋሪት ነበረው፤ የራሱ ችሎት ነበረው፤ የራሱ እስር ቤትም ነበረው፣ እሱም አንድ እስረኛ ከገባ ሁለተኛው ተራውን በደጅ የሚጠብቅበት። ሰው ይሥቅበታል። የሚሥቁት ግን ትልልቆቹ ሁሉ አልቀው ጥድ አምባ እንዴት እንደሰነበተ አይጠይቁም።

የሰነበተው ሞትን በመደበቅ ነው። ትንሽ ሀገር በጦር ሜዳ አይጠፋም፤ የሚጠፋው መስፍኑ ዐርፎ ወራሹ እስኪደርስ ባለችው ክፍተት ነው። ጎረቤቱ ለቅሶውን ሰምቶ በለቅሶ ደራሽ ፈንታ ጭፍራ ይልካል። ስለዚህ በጥድ አምባ መስፍን ሲሞት የነፍስ አባቱ በሹክሹክታ ፈትተው፣ ጎህ ሳይቀድ ይቀብሩታል። ከአልጋው ፊት መጋረጃ ይጋረዳል። ከመጋረጃው ኋላ ከአንድ ቤት የተወለደ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፤ እንደ ሟቹ ይስላል፣ እንደ ሟቹ ይቆጣል፣ ለባለጉዳይ እንደ ሟቹ ይፈርዳል። ያ ቤት መጋረጃ ቤት ይባላል፤ የእናታችን ቤት ነው። ወራሹ ሲደርስ ነጋሪት አስመትቶ «የሞትንም እኛ፥ ያለንም እኛ» ብሎ መርዶውን ይናገራል፤ ያን ጊዜ ሀገር ያለቅሳል። በመጋረጃው የተቀመጠውም ወጥቶ በስሙ ይጠራል፤ «አቤት» ይልና እንደገና ሰው ይሆናል።

እስከዚያ ግን ሁለት ነገር ክልክል ነው። የተቀመጠው በስሙ አይጠራም። መስፍኑም ሳይለቀስለት በግዛቱ ለማንም አይለቀስም፤ «ጌታ ሳይለቀስ ሎሌ አይለቀስም» ይላሉ። ከባላምባራስ ቀለሙ አያቶች አንዷ ልጅ ናፍቋት መርዶው ሳይነገር ከመጋረጃው ተነሥታ ወጥታ ነበር ይባላል። ቤቷ ደርሳ ልጇን ስትጠራው ልጁ ሸሸ። የጠራው የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ እስክትሞት ሌላ ድምፅ አልወጣትም።

እናታችን ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸውን ተከትለው ወደ ደጃዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ግቢ ይመላለሱ ነበር። ደጃዝማች የመጨረሻው የጥድ አምባ መስፍን ናቸው። ያን ጊዜ ከማዕረጋቸውና ከደጃቸው በቀር ብዙ አልቀራቸውም፤ ግብሩን መንግሥት ይሰበስባል፣ ዳኝነቱ ቢቸና ነው፤ ያም ሆኖ የጥድ አምባ ሰው ቢቸና ተፈርዶበት ሲመለስ እንደገና ሊያስፈርድ ወደ እሳቸው ይሄዳል። አሳሳላቸው ይታወቅ ነበር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማጉረምረም የምትቀር። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ ከጎታው ኋላ ሆነው ያን ሳል ሳሉት። አሽከሮቹ እየተደነቃቀፉ ተነሡ፤ አንዱ የያዘው ጮጮ አምልጦት ወተቱ ፈሰሰ። ደጃዝማች ራሳቸው ከእልፍኝ ወጡ።

«ማነህ በእኔ ጉሮሮ የምትስል?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ ልጅቱ።

«ድገሚው እስቲ።»

ደገሙት። የደጃዝማች ፊት አመድ መሰለ፤ ቆይተው ግን ሣቁ። «ቀለሙ፣ ስሞት የማላፍርበት ድምፅ ወልደህልኛል!»

«ጌታዬ፣ ሴት እኮ ናት» አሉ ባላምባራስ፤ ልጃቸውን ለማስጣል የመጣላቸው ይኸው ብቻ ነበር።

«ከመጋረጃ ኋላ ማን አይቶ?» አሉ ደጃዝማች፤ እጃቸውንም በልጅቱ ጉሮሮ ላይ አድርገው መረቁ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ይህን ሲሰሙ ከባላቸው ጋር ሰንብተው አልተነጋገሩም። «ልጄን ገና ላልሞተ ሬሳ አጩብኝ» ይሉ ነበር።

እናታችን ከአባ ገብረ ኪዳን፣ ከደጃዝማች የነፍስ አባት፣ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቢቸናም ወርደው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያለውን ማንም አላስተማራቸውም፤ የታተመ ነገር ካገኙ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን ሳያነቡ አይጥሉም ነበር። በሞጣ ዲግሪ የሰቀሉ ልጆች ማመልከቻ ሲጽፉ በምሥጢር ለማን ያስነብቡ እንደነበር ራሳቸው ያውቃሉ።

በ1964 ዓ.ም. ባላምባራስ ቀለሙ ዐረፉ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደግሞ፣ አገሩ ሁሉ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን በደቀነበት ሰሞን፣ ደጃዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ሞቱ። አባ ገብረ ኪዳን እንደ ወጉ በሹክሹክታ ፈትተው ቀበሯቸው። ሽማግሌዎቹም ወይዘሮ ባንቺዓለም ደጅ መጥተው ቆሙ።

«እመቤት፣ ወንድ የለሽም። ልጅቱን ስጪን።»

«ስንት ጊዜ ልታስቀምጡብኝ?»

«ልጅ ሀብተ ሥላሴ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ነው። ዘንድሮ እንደ ድሮው በበቅሎ መሰለሽ? መኪና አለ፣ መንገድ አለ። ሳምንት አይሞላትም።»

ልጅ ሀብተ ሥላሴ የደጃዝማች አንድ ወንድ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። መልእክተኛ ተላከባቸው። መልእክተኛው ብቻውን ተመለሰ። ሌላ ተላከ፤ እሱም ብቻውን ተመለሰ። በኋላ እንደተሰማው ልጅ ሀብተ ሥላሴ ካደሩበት ቤት በመኪና ተወስደዋል፤ የት እንደተቀበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መኪናም ነበር፣ መንገድም ነበር። ሽማግሌዎቹ የተሳሳቱት በዚያ ብቻ አይደለም። መርዶውን ለመናገር ወራሽ ካልመጣ ምን እንደሚደረግ ከአባቶቻቸው አልጠየቁም ነበር። በጥድ አምባ ታሪክ ወራሽ ቀርቶ አያውቅማ።

እናታችን ተቀመጡ። ባለጉዳይ መምጣቱን አልተወም። ሁሉም ደጃዝማች መሞታቸውን ያውቃል፤ ቀባሪዎቹም የእሱው ዘመዶች ናቸው። መርዶ ግን አልተነገረም፤ መርዶ ያልተነገረለት ደግሞ አልሞተም። እናታችን መጀመሪያ ላይ ድምፁን አስመስለው ያወጡት ነበር። እየቆየ ግን እሳቸው ሳያስቡት ይወጣ ጀመር። የማያውቁትን የድንበር ድንጋይ ይጠቅሳል፤ እሳቸው ሳይወለዱ የተደረገን ውል ያነሣል። «መልሱን እኔም ከባለጉዳዩ ጋር ነው የምሰማው» ብለው በኋላ ለልጃቸው ነግረዋል።

በዚያው ዓመት በጋው ላይ ከከተማ የመጣ አንድ ዘማች ተማሪ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ እልፍኙ ገባ። «ፊውዳሉ ይውጣ!» አለ። ከመጋረጃው ኋላ ሳል ተሰማ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ታጣቂዎቹ የጥድ አምባ ልጆች ስለነበሩ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ቆሙ። ተማሪው ተናዶ መጋረጃውን ገለጠው። ያየው አንዲት ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ እሸት ሽምብራ በአፏ ሞልታ ስታኝክ ነው።

«የት ሄደ?»

እናታችን በእጃቸው «ማን?» አሉት፤ አፋቸው ሙሉ ነው።

«የሳለው ነዋ!»

ያን ጊዜ እንደገና ሳለ። ከተቀመጡበት ነው የመጣው፤ መንጋጋቸው ግን ሽምብራውን ማኘኩን አላቋረጠም። ተማሪው መጋረጃውን ለቀቀው። ከዚያም በገዛ እጁ እጥፋቱን አስተካከለ፤ «ይቅርታ ጌታዬ» ብሎ ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። አብዮት ጥድ አምባ የገባው በዚህ ሁኔታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የጥድ አምባ ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። በግዛቱ አልተለቀሰም። ሰው ሲሞትባቸው ሬሳውን ይዘው የግዛቱ ድንበር የሆነውን ወንዝ ይሻገራሉ፤ እዚያ ማዶ አልቅሰው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ በዝምታ ይመለሳሉ። «እንቢ ብትሉስ?» ይላል የዘንድሮ ሰው። እንቢ ያለች ነበረች። ባሏ የሞተባት አንዲት ጎበዝ ሴት «እኔ ለማንም ገባር አይደለሁም» ብላ በደጃፏ ቆማ «ወየው!» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ጩኸት አልነበረም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከዚያ በኋላ የሞከረ የለም።

በ1971 ዓ.ም. የደጃዝማች እልፍኝ ለገበሬ ማኅበር የእህል መጋዘን ሆነ። በዚያው ዓመት የሞጣው ልብስ ሰፊ አቶ ሰማው እናታችንን ለጋብቻ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ከተማከሩ በኋላ «ትሂድ፤ መጋረጃው ግን ከእሷ አይለይም» አሉ። አባታችን ነገሩ ሲነገራቸው «እኔ ሚስት ላገባ እንጂ ደጃዝማች ላስተዳድር አልመጣሁም» ብለው ሣቁ፤ እናታችንን አይተዋቸው ስለነበር ግን እሺ አሉ። መጋረጃው ሞጣ በደረሰ ዕለት፣ ሙያቸው ነውና፣ ገልብጠው አገላብጠው አዩት። ትልቅ መጋረጃ ነው፤ ከአንድ ቁራጭ ሊሆን አይችልም። መርፌ የገባበት ቦታ አላገኙበትም። ከዚያ ቀን በኋላ በእጃቸው አልነኩትም።

ትዳራቸው መልካም ነበር። አባታችን ለጎረቤት «ሁለት ባል ያላት ሴት አግብቼ ታናሹ ባል እኔ ሆንኩ» ይሉ ነበር። መኝታ ቤቱ ከመጋረጃው በወዲህ፣ የእናታችን ወንበር በወዲያ ነው። ከጥድ አምባ፣ ከቢቸና፣ ከደብረ ወርቅም ባለጉዳይ ይመጣል፤ ፍርድ ቤት ያልጨረሰውን አስጨርሶ ይሄዳል። ስጦታ አይቀበሉም ነበር። «የሞተ ሰው ምን ይበላል?» ይላሉ። ይህን ሲሉ ደግሞ በራሳቸው ድምፅ ነው፤ ቀጭንና ቀልደኛ፣ ወደ ሣቅ የምታዘነብል ድምፅ ነበረቻቸው።

በ1973 ዓ.ም. ማናለሽን፣ በ1975 ዓ.ም. ሰብለ ወንጌልን ወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ማናለሽ በኩፍኝ ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር።

መጋረጃው የተሰቀለበት ቤት የደጃዝማች ግዛት ነውና፣ ጎረቤት እየጮኸ ሲመጣ አባታችን በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። «እባካችሁ እናቶቼ፣ እዚህ አይደለም። እዚህ አይሆንም።» ሬሳዋን ታቅፈው ማዶ ጎረቤት ግቢ ወሰዷት፤ ድንኳኑም እዚያ ተተከለ። እናታችን እስከ ቀትር ከመጋረጃው ኋላ ነበሩ። ከዚያ ግን ማንም ሳይጠራቸው ተነሥተው መንገዱን ተሻገሩ። ሴቶቹ ከፈት አድርገው አስገቧቸው። ልጃቸው ፊት ቆሙ፤ ነጠላቸውን አገለደሙ፤ «ማኔ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ሳለ።

በድንኳኑ ውስጥ የነበሩት የጥድ አምባ ሰዎች፣ ሳያስቡት፣ እንደ ልማዳቸው ብድግ ብለው እጅ ነሡ። እናታችን በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የማንም ለቅሶ ቤት አልረገጡም። ልጇን ያላለቀሰች፣ ጎረቤት ያልደረሰች፣ «ድንጋይ» ተባሉ። እናታችንን ድንጋይ ያላችሁ ዛሬም ከመካከላችን አላችሁ። ስም አንጠራም፤ ቀኑ ይመሽብናል። የልጃቸው እርም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከውስጣቸው እንዳልወጣ ግን ዕወቁ።

አባታችን አቶ ሰማው በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። በመጨረሻ ቀናቸው ወደ መጋረጃው ዞረው «እንግዲህ ደጃዝማች፣ ቦታውን ለቅቄልዎታለሁ፤ ሴትዮዋን አደራ» አሉ። እሳቸውም የተለቀሱት በጎረቤት ግቢ ነው።

እናታችን ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ ስማቸው ተመልሶላቸው መሞት። «ስሜ ሳይመለስ ከሞትኩ ቄሱ የማንን ነፍስ ሊፈታ ነው? የምለቀሰውስ በማን ግቢ ነው?» ይሉ ነበር። ስለዚህ ልጃቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የደጃዝማችን ዘር ዓመታት ፈለጉ። በ2013 ዓ.ም. ተገኘ። ልጅ ሀብተ ሥላሴ ከመወሰዳቸው በፊት የተፀነሰ ልጅ ነበራቸው፤ ኢንጂነር አንዷለም ሀብተ ሥላሴ ይባላሉ፤ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ከባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች ጋር ሆነው በጠራራ ፀሐይ ሞጣ መጡ። አንደኛው ባለሙያ ገና ሳይቀመጥ «ይኼ ትልቅ ፖቴንሻል ያለው ሳይት ነው፤ ዶክመንት ተደርጎ ፕሮሞት መደረግ አለበት» አለ። የቤቱ ድመት እንኳ ወጣች።

«እማማ፣ ምን እንድል ነው የሚፈልጉት?» አሉ ኢንጂነሩ።

«አራት ቃል ናት ልጄ» አሉ እናታችን ከወዲያ፣ በራሳቸው ድምፅ። «‹የሞትንም እኛ፥ ያለንም እኛ።› በል፤ አያትህን ቅበርልኝ፤ እኔንም አውጣኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«በቃ? ይኼማ ቀላል ነው።» ስልካቸውን ለባለሙያው ሰጥተው እንዲቀርጽ አደረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሲጠርጉት ሰብለ ወንጌል ደነገጡ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነበር፤ ሰውየው አያታቸውን አይተው አያውቁም።

«የሞትንም እኛ…» አሉ ኢንጂነሩ፤ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ።

«…ያለንም እኛ» አለ ከመጋረጃው ወዲያ።

የእናታችን ድምፅ አልነበረም። እናታችን በዚያች ደቂቃ «አይሆንም! አይሆንም!» እያሉ ነበር፤ ሁለቱም ድምፅ ባንድ ጊዜ ተሰማ። ኢንጂነሩ ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ድምፃቸው የተመለሰላቸው ቢቸናን ካለፉ በኋላ መሆኑን ሾፌሩ ተናግሯል። ዛሬም ባሕር ዳር መሄድ ሲኖርባቸው በሞጣ መንገድ አያልፉም አሉ። ለቀብሩ ተጠርተው «ስብሰባ አለብኝ» ብለዋል። እግዜር ስብሰባቸውን ይባርክ።

እናታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለጉዳይ መቀበል አቆሙ። በ2016 ዓ.ም. ጉሮሯቸው ላይ ሕመም ጀመራቸው። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሕክምና የደረሱት ዘግይተው ነው። ሐኪሙ አይቶ «በዚህ ጉሮሮ መናገር አይቻልም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ያቺ ቀጭን ድምፃቸው ጠፋች። ያኛው ግን አልጠፋም። በዚያው ሆስፒታል ከጎን አልጋ የተኛች የገጠር ሴት ስለ እርሻ ድንበሯ ብቻዋን ስታጉረመርም መልስ ሰማች፤ «ሾላው ድረስ የአንቺ ነው» የሚል። ሴትዮዋ አመስግና ተኛች። እናታችን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከሆስፒታል ተመልሰው ሞጣ ሲያጣጥሩ፣ ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ልጃቸውን በእጃቸው ጠሯቸው። ሰብለ ወንጌል ጠጋ ሲሉ ለዓመት ያልሰሟትን ያቺን ቀጭን ድምፅ ሰሙ።

«ሰብልዬ፣ ተሳስተን ነበር።»

«ምኑን እማዬ?»

«ወራሽ መጠበቃችን። ወራሽ የሚያስፈልገው አልጋውን ለመውረስ ነው። አልጋው የታለ? መጋዘን ሆኗል። ለመቅበር ግን ቀባሪ ይበቃል። እሳቸውን በሕይወት ያቆያቸው እኛው ነን፤ እኔ ስስል፣ ሕዝቡ ሲነሣ። እኛ ቀለብናቸው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ስሞት ጥድ አምባ ውሰዱኝ፤ እዚያው እልፍኙ ደጅ አስቀምጡኝ። ቢቸናም ሞጣም ይጠራ። መርዷቸውን ሕዝቡ ይናገር። ከዚያ ስሜን ጥሩልኝ። ስትቀብሩኝ ደግሞ ከእሳቸው ራቅ አድርጉኝ፤ ኖሬ ጠግቤያቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም። ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ትናንት ሬሳቸው ሲገነዝ፣ በተሰቀለው መጋረጃ ወዲያ፣ ሰው በሌለበት ወንበር ላይ ሳል ተሰምቷል። የገነዙት እናቶች ምስክር ናቸው፤ አንዳቸውም ሥራቸውን አላቋረጡም፤ አንዳቸውም አልተነሡም። ሬሳቸው ዛሬ ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጥድ አምባ ገብቷል። ከግማሽ ምዕት ዓመት ወዲህ ሊለቀስለት ወደዚህ የገባ ሬሳ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከጥድ አምባ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ትናንት ማምሻውን መጥተው «ያለ ወራሽ መርዶ ሕግ አይደለም፤ ቁጣ ያመጣል» ብለዋል። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልም «አባቶቼ፣ እናቴን ለሳምንት ተበድራችሁ ይኸው በሬሳ መለሳችኋት። ከዚህ የባሰ ቁጣ ካለ ይምጣ፤ እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ እቀበለዋለሁ» ብለው መልሰዋል። ሽማግሌዎቹም ዛሬ መጥተዋል፤ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ስለ መምጣታቸው እናመሰግናለን።

እናታችን አንዲት ሴት ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ሰማውን፣ አራት የልጅ ልጆችንና አንዲት የልጅ ልጅ ልጅን አፍርተዋል። ቀድማቸው የሄደችው ማናለሽም ልጃቸው ናት፤ ዛሬ አብራ ትለቀሳለች።

አሁን የቆማችሁ እንደቆማችሁ፣ የተቀመጣችሁ እንደተቀመጣችሁ ሁኑ። ከእልፍኙ ሳል ቢሰማ ማንም እንዳይነሣ፤ ማንም እጅ እንዳይነሣ። ይህ የሚነበበው ለሁላችሁም ነው፤ የሰማችሁ ላልሰሙት አሰሙ።

ደጃዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የጥድ አምባ የመጨረሻው መስፍን፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሞተዋል። አባ ገብረ ኪዳን ፈትተዋቸዋል፤ በአባቶቻቸው መቃብር ተቀብረዋል። ልጃቸው ልጅ ሀብተ ሥላሴ ሞተዋል፤ መቃብራቸው አይታወቅም። አልጋቸው የለም። የእሳቸው ችሎት ተነሥቷል። ከእንግዲህ በእሳቸው ስም የሚፈርድ፣ በእሳቸው ጉሮሮ የሚናገር የለም። ነፍሳቸውን ይማር። ሁላችሁም ባንድ ድምፅ በሉ፤

የሞትንም እኛ፥ ያለንም እኛ።

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል አሁን ወደ አስከሬኑ ቀርበው፣ ስለ እናታቸው «አቤት» ይላሉ። ካህኑ በክርስትና ስማቸው፣ ሕዝቡ እናታቸው ባወጡላቸው ስም ይጠራቸዋል። ከእልፍኙ ሌላ ድምፅ አብሮ ቢመልስ፣ የሚመልሰው የልጃቸው አንድ ድምፅ ብቻ እስኪሆን ድረስ መጥራታችሁን አታቁሙ።

ወለተ ሐና!

ይርጋነሽ ቀለሙ!

ይርጋነሽ!

የአብርሃም አምላክ ነፍሳቸውን በገዛ ስማቸው ጠርቶ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን።

አሁን አልቅሱ።